መጽሐፍ ማሳተም ላማራቸው አባትና እናት



ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ሆነ ስለ ሕፃናት ክትባት አላወራም። ባለፈው ሰሞን አንዲት አንባቢ ደውላ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ። «ሲስተር፣ አባታችን ዕድሜያቸውን በሙሉ ያስተማሩ መምህር ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ጨርሰዋል። አሁን በባንክ ያስቀመጧትን ገንዘብ በሙሉ አውጥተው አንድ ሺህ ቅጂ ላሳትም ይላሉ። እኛ ልጆቻቸው ደግሞ ገንዘቡ ለሕክምናዎና ለክፉ ቀን ነው ብለን ተቃወምናቸው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ተኮራርፏል። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። እኔ በምኖርበት በልደታ ማርያም ሰፈር ብቻ እንኳ በጠረጴዛ መሳቢያቸው ውስጥ የተጻፈ ደብተር ያላቸው ጡረተኞች ጥቂት አይደሉም። መምህሩ፣ የቀድሞው ወታደር፣ የባቡር ሠራተኛው፣ አዋላጇ ሁሉም «ያየሁትን ሳልናገር አልሙት» ይላሉ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ መጽሐፋቸውን በራሳቸው ገንዘብ ሲያሳትሙ የሽያጩን መዝገብ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ምኞቱን እናክብር

ሽማግሌ ያለፈ ዘመኑን ደጋግሞ ሲያወራ «አረጀ፣ ጃጀ» የሚሉ አሉ። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት በትለር እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንን አመለካከት ተቃውሟል። ሰው በስተርጅና ዘመኑ ሕይወቱን መለስ ብሎ መመርመሩ ተፈጥሯዊ ነገር ነው፣ በአግባቡ ከሆነም ከራስ ጋር ለመታረቅ ይረዳል የሚል ነበር ሐሳቡ። እኔም በዎርድ ውስጥ የታዘብኩት ከዚህ የተለየ አይደለም። የሚሰማው ሰው ያገኘ በሽተኛ ሌሊቱን በሰላም ያነጋዋል።

ስለዚህ ለአባታችሁ «ይህን ማን ያነበዋል?» አትበሏቸው። ገንዘቡን የሚመለከተው ክርክር የገንዘብ ክርክር ይሁን። የሕይወታቸውን ዋጋ የሚመዝን ፍርድ ግን አይምሰል። ኩርፊያው የሚመጣው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው።

ለማን ነው የሚጻፈው?

ከማተሚያ ቤት በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለቤተሰብና ለወዳጅ የሚቀር ነው፤ የዘር ሐረግ፣ የትውልድ ቀዬ ታሪክ፣ የሠርግና የስደት ትዝታ፣ ለልጅ ልጆች የሚተላለፍ ምክር። ሁለተኛው ጸሐፊውን የማያውቅ ሰው ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛው ነው። ሁለቱም የተከበሩ ናቸው። ለመጀመሪያው ግን ሃምሳ ወይም መቶ ቅጂ ይበቃል። ለሁለተኛው «እኔን የማያውቅ ሰው ከዚህ ምን ያገኛል?» ለሚለው ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ «የሕይወቴ ታሪክ» የሚለው መልስ አይበቃም። «በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ምን እየበላ፣ የት እያደረ፣ እንዴት ያስተምር እንደነበር» የሚለው ግን የማያውቃቸውንም አንባቢ ይጠራል። ብዙ ጡረተኞች ሳያውቁት የሚንቁት ይህንኑ የሥራ ዕውቀታቸውን ነው። ስለ ትልልቅ ሰዎችና ስለ ትልልቅ ጦርነቶች ሌላም ሰው ጽፏል። የዚያን ጊዜውን የጠመኔ እጥረት ግን ከእሳቸው በቀር የሚጽፈው የለም።

አጻጻፉ ጤናን እንዳይጎዳ

አንድ፣ ሰዓት ይወሰን። ጠዋት አእምሮ ሲነቃ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። በየሃያና ሠላሳ ደቂቃው ተነሥቶ መንጎራደድ፣ እግርን ማፍታታት፣ ዓይንን በመስኮት ወደ ሩቅ ማሳረፍ ያስፈልጋል። የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ጸሐፊ በሐሳብ ተመስጦ ቁርሱን እንዳያሳልፍ ቤተሰብ ያስታውሰው።

ሁለት፣ መነጽር። ዓይን ሲደክም ብዙዎች «አርጅቻለሁ» ብለው ይተዉታል። መጀመሪያ ይመርመሩ። የማንበቢያ መነጽር ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ የዓይን ሞራም ቢሆን በቀዶ ሕክምና ይወገዳል።

ሦስት፣ እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወይም ጽሕፈት ካልሆነላቸው በስልክ ድምፅ ይቀረጽ። የልጅ ልጅ ይጠይቅ፣ አያት ይመልሱ። ጥያቄው ግን ጠበብ ያለ ይሁን። «ስለ ልጅነትዎ ይንገሩኝ» ከተባሉ ሁለት ደቂቃ ያወሩና ዝም ይላሉ። «አያቴ፣ ትምህርት ቤት የሄዱ ዕለት ማን ወሰደዎት? ምን ለብሰው ነበር?» ሲባሉ ግን ቡናው ሦስተኛ እስኪወርድ አያቆሙም።

አራት፣ ሐዘን። የእኛ ትውልድ ረሃብ፣ ቀይ ሽብርና ጦርነት አይቷል። ያንን መጻፍ ቁስልን መንካት ነው። ጽሑፉ ከጀመረ ወዲህ እንቅልፍ የነሣቸው፣ ምግብ ያስጠላቸው ወይም ከሰው የሸሹ ከሆነ ያን ምዕራፍ ለጊዜው ትተው ወደ ሌላው ይለፉ። ሁኔታው ከሁለት ሳምንት ካለፈ ሐኪም ያማክሩ። ታሪኩ የትም አይሄድም።

ለመቸኮልም ምክንያት የለም። የአገራችንን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው በ1999 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ ዓመት ተቀምጦም ሳይጠፋ ለእኛ ደረሰ። ዋናው ነገር ጽሑፉ መቀመጡ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ደብተሩ ገጽ በገጽ ፎቶ ይነሣና በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ በስልክ፣ አንዱ በፍላሽ፣ አንዱ ደግሞ በሌላ ልጅ ቤት። አንድ ጎረቤቴ ብቸኛውን ፍላሻቸውን ለአንድ ጽሕፈት ቤት ሰጥተው ቫይረስ በላው ተብለው ተመልሰዋል። የአራት ዓመት ድካም ነበር።

የማይጻፍ ነገርም አለ

በሙያችን የበሽተኛ ምሥጢር የሚጠበቀው በሥራ ላይ ሳሉ ብቻ አይደለም። ጡረታ ብወጣም በሽተኛዬ የነገረኝን የማውጣት መብት አላገኘሁም። ይህ ለመምህሩም፣ ለፖሊሱም፣ ለንስሐ አባቱም የሚሠራ ይመስለኛል። በሥራ አጋጣሚ የሰማነው የሰው ገመና የእኛ ታሪክ አይደለም። ስም መቀየርም ሁልጊዜ አያድንም። የሠራንበትን ከተማና ዘመኑን ከጠቀስን የአካባቢው ሰው ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል።

ሕጉም ዝም አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሰውን ስም ያጠፋን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። የሰውን ፎቶግራፍም ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን በመርሕ ደረጃ ይከለክላል። ስለዚህ የድሮ ጓደኛን ፎቶ ከማስገባታችሁ በፊት እሱን ወይም ልጆቹን ጠይቁ።

ከሕግ የሚብሰው ደግሞ ቤተሰብ ነው። የልጅን አወላለድ፣ የትዳር ጠብን፣ የውርስ ክርክርን ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመ መጽሐፍ ላይ የሚያነብ ልጅ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም። እኔ የምመክረው ቀላል መንገድ አለ። በመጽሐፉ ውስጥ ስሙ በክፉም ሆነ በደግ የተነሣ በሕይወት ያለ ዘመድ ሁሉ የሚመለከተውን ገጽ ከኅትመት በፊት ያንብበው። የማይስማማ ካለ ተነጋገሩ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ነውና፣ ከታተመ በኋላ መሰብሰብ የለም።

እርማት ላይ አትቆጥቡ

በራስ ገንዘብ የሚታተም መጽሐፍ ትልቁ ድክመት ያለ አርታዒ መውጣቱ ነው። አርታዒ ማለት የፊደል ግድፈት ለቃሚ ብቻ አይደለም። «ይህ ምዕራፍ ተደግሟል፣ ይህ ሰው ማን እንደሆነ አልተነገረም፣ ይህ ዘመን ከዚያኛው ጋር ይጋጫል» የሚል ሰው ነው። ገንዘብ ካነሰ ከሽፋን ጌጥ ይቀነስ እንጂ ከአርትዖት አይቀነስ።

አርታዒ ከመቅጠራችሁ በፊት ሦስት ሰው ያንብበው። አንዱ ነገሩን የሚያውቅ፣ አንዱ ምንም የማያውቅ፣ አንዱ ደግሞ ወጣት ይሁን። «እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችኋቸው ይሉኝታ ይዟቸው «በጣም ጥሩ ነው» ይሏችኋል። ይልቅ «የት ላይ ሰለቸህ? የት ላይ ግራ ገባህ?» በሏቸው። ገጹን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት።

በተለይ ሦስት ነገሮች ይታዩ። ቀኖቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው ወይስ በፈረንጅ? ተደባልቀው ከሆነ እ.ኤ.አ. የሚለው ይታከል። ስሞች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፊደል ተጽፈዋል ወይ? ኃይሉ በአንድ ገጽ በብዙኃኑ «ኀ»፣ በሌላው በሃሌታው «ሀ» ከሆነ አንባቢ ሁለት ሰው ይመስለዋል። ሦስተኛው የፊደሉ መጠን ነው። ገጽ ለመቆጠብ ተብሎ ፊደል ሲያንስ የእኛ ዕድሜ አንባቢ መጽሐፉን ከፍቶ ይዘጋዋል።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ኩርፊያው መነሻ እንምጣ። የወረቀት ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ትክክለኛውን ዋጋ የሚነግራችሁ ማተሚያ ቤቱ ብቻ ነው። ቢያንስ ሦስት ቦታ ጠይቁ። እኔ አሠራሩን ለማሳየት የምሳሌ ቁጥር ልጠቀም።

ለትየባ፣ ለአርትዖት፣ ለሽፋንና ለኅትመት በድምሩ 300,000 ብር ወጥቶ አንድ ሺህ ቅጂ ታተመ እንበል። አንዱ 300 ብር ፈጀ ማለት ነው። የሽፋን ዋጋው 500 ብር ቢሆን «በእያንዳንዱ 200 ብር አተርፋለሁ» ያሰኛል። አይደለም። መጻሕፍት መደብርና አከፋፋይ ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ዋጋ ሠላሳ በመቶና ከዚያም በላይ ይወስዳሉ። 35 በመቶ ነው ብንል 175 ብር ይሄዳል፤ ለጸሐፊው 325 ብር ይቀራል። ስለዚህ ያወጡትን ገንዘብ ለመመለስ ብቻ በመደብር 924 መጽሐፍ መሸጥ አለበት። ከሺው የቀረው ሰባ ስድስት ብቻ ነው። ከእጅ ወደ እጅ በሙሉ ዋጋ ቢሸጡት ግን 600 ሲሸጥ ገንዘቡ ይመለሳል። አራት መቶ ብቻ በመደብር ቢሸጥ የሚገባው 130,000 ብር ነው፤ 170,000 ብሩ ስድስት መቶ መጽሐፍ ሆኖ አልጋ ሥር ይቀመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በኦፍሴት ሲታተም የፕሌት ዝግጅቱ ወጪ ለመቶም ለሺህም ያው ስለሆነ ብዙ ባሳተሙ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። «ሁለት መቶ ከምታሳትሙ ሺህ ይሻላችኋል» የሚባለው ለዚህ ነው። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ግን የአንዱ ዋጋ ረከሰ ማለት ከኪስ የሚወጣው አነሰ ማለት አይደለም። ፕሌት በማይፈልገው በዲጂታል ማተሚያ ሁለት መቶ ቅጂ ቢወጣ አንዱ ውድ ይሆናል፤ በአጠቃላይ የሚወጣው ገንዘብና የሚፈራው ኪሳራ ግን ያንሳል። ካለቀ ደግሞ ይታተማል። መድኃኒት ስንጀምር በአነስተኛ መጠን ጀምረን ሰውነቱ ሲቀበለው እንደምንጨምረው መሆኑ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለአባትም ለልጆችም የምሰጠው ወሰን ይህ ነው፦ ለኅትመት የሚወጣው ገንዘብ አንድም ሳንቲም ባይመለስ መድኃኒት፣ የቤት ኪራይና ቀለብ የማይነካ መሆን አለበት። ብድር፣ የቤት ካርታና የእቁብ ዕጣ አይግቡበት።

ከማተሚያ ቤት ጋር ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የቅጂው ብዛት፣ የገጹ ብዛትና መጠን፣ የውስጥ ወረቀቱና የሽፋኑ ግራም፣ የጥራዙ ዓይነት፣ የማስረከቢያው ቀን፣ ቅድመ ክፍያው፣ ገጹ የተገለበጠ ወይም የጎደለ መጽሐፍ ቢገኝ ማን እንደሚተካ ይጻፍ። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚጠረዘው በአሥራ ስድስት በአሥራ ስድስት ገጽ ስለሆነ 210 ገጽ ከምታደርጉት 208 ብታደርጉት ወረቀት አይባክንም። ሁሉም ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና ወጥቶ ገጽ በገጽ አይታችሁ ፈርሙበት።

መለያ ቁጥርና መብት

ከመጽሐፍ ጀርባ የምናየው አሥራ ሦስት አሃዝ ያለው ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ነው። ለአገራችን አሳታሚዎች የሚሰጠው ብዙዎቻችን ወመዘክር ብለን የምንጠራው፣ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነው። በብዙ መጽሐፎቻችን ላይ 978 ከሚለው ቀጥሎ የሚታየው 99944 የኢትዮጵያ መለያ ነው። መጽሐፉ ሲታተም ደግሞ በሕጉ መሠረት ለዚሁ ተቋም ቅጂ ይሰጣል። ይህን ግዴታ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ቤት ቢፈርስ፣ ልጆች ቢሰደዱ፣ የእናታችሁ መጽሐፍ በአገሪቱ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይኖራል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ለደራሲ ይቆማል። መብቱ የሚገኘው ሥራው ሲፈጠር ነው። የደራሲው የገንዘብ ጥቅም መብት በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላም ለሃምሳ ዓመት ይጠበቃል፤ ወደ ወራሾችም ይተላለፋል። ስለዚህ ኑዛዜ ላይ ቤትና ዕቃ ሲከፋፈል የመጽሐፉ መብት ለማን እንደሆነ አንድ መስመር ይጻፍ። ቢያድግም ባያድግም ጠብ ይከላከላል። መጽሐፉን በኮምፒዩተር ቅጂው በኩል በቴሌግራም ለማንም አትላኩ። አንዴ ከወጣ በአንድ ሌሊት አገር ያዳርሳል፤ የሚገዛም አይኖርም።

እንዴት ይሸጣል?

መጽሐፍ በራሱ እግር አይሄድም። የታላላቆቹም እንዲሁ ነው። የሀዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ቢታተምም ማንበብ የማይችለው ሳይቀር ያወቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋን ተመልከቱ። የፊደል ገበታቸውን በራሳቸው ማተሚያ ቤት አትመው አገር አዳረሱ፤ የእኛ ዘመን ተማሪ ሀሁ ሲል ስማቸውን አብሮ ለመደ። ሰው የሚፈልገውን ነገር ሰው ባለበት ቦታ ማድረስ ነው ምሥጢሩ።

ለጡረተኛ ጸሐፊ ሰው ያለበት ቦታ የት ነው? የሠራበት መሥሪያ ቤት፣ የተማረበትና ያስተማረበት ትምህርት ቤት፣ የትውልድ አካባቢው ተወላጆች ማኅበር፣ እድሩና ጽዋ ማኅበሩ ናቸው። ከኅትመት በፊት የስምና የስልክ ዝርዝር አዘጋጁ። እያንዳንዱን ደውላችሁ «መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው፤ አንድ ቅጂ ልያዝልህ?» በሉ። «አዎ» ካለው ይልቅ ገንዘቡን በቴሌብር ወይም በባንክ አስቀድሞ የላከውን ቁጠሩ። ሰማንያ ሰው ከከፈለ ሁለት መቶ ማሳተም ያዛልቃል። ስምንት ሰው ከከፈለ ደግሞ መልሱ ታውቋል፤ ለቤተሰብ ሃምሳ ቅጂ ይበቃል ማለት ነው። የሰው ገንዘብ ከተቀበላችሁ ግን መዝገብ ያዙ፤ መጽሐፉ ከዘገየ ደውላችሁ ንገሩ። የአንድ ዕድሜ ስም በሁለት መቶ መጽሐፍ አይበላሽ።

ምርቃት ደስ ይላል። ነገር ግን አዳራሽ፣ ምሳና የድምፅ ማጉያ ተከራይቶ መጽሐፉ ከሚያስገባው በላይ የሚያወጣ አለ። የጽዋ ማኅበሩ ወይም የቀድሞ ተማሪዎች መሰባሰቢያ ቀን ቡናና ዳቦ ይዞ ማስመረቅ ይበቃል። ሁለት ሰው አጭር ክፍል ያንብብ፤ ንግግር ይጠር፤ መሸጫው ጠረጴዛ በር ላይ ይሁን፤ ገንዘብ የሚቀበለው ጸሐፊው ሳይሆን የልጅ ልጅ ይሁን። ጸሐፊው ፈርሞ ይስጥ። ነፃ የሚሰጠው ቅጂ ቁጥሩ አስቀድሞ ይወሰን፤ አለዚያ በይሉኝታ ግማሹ ያልቃል።

በመደብር ስታስቀምጡ የተፈረመ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ስንት ቅጂ፣ በስንት ቅናሽ፣ መቼ እንደሚተሳሰብ ይጻፍበት። አምስት መደብር ሃያ ሃያ ከማስቀመጥ ለአሥር መደብር አምስት አምስት ሰጥቶ ያለቀበትን መሙላት ይሻላል። ውጭ አገር ያሉ ልጆችም ለሚመላለስ ዘመድ አሥር አሥር ቅጂ ቢያስይዙ ለማኅበረሰባቸው ይደርሳል። ለትምህርት ቤቶችና ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጥቂት ቅጂ በስጦታ ይግባ። ይህ ኪሳራ አይደለም፤ የመጽሐፉ ዕድሜ ነው።

ከሌሎች ጸሐፍት ጋር መተዋወቅ

ብቻውን የሚጽፍ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። ከስድሳ ዓመት በላይ የዘለቀው የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር አለ፤ በወመዘክር አዳራሽም የመጽሐፍ ውይይትና ምርቃት ይካሄዳል። ከልደታ ሩቅ አይደለም። መግባት የሚያፍሩ አሉ። አይፈሩ፤ በመጀመሪያ ሄደው ዝም ብለው ያዳምጡ። የሌላውን መጽሐፍ ገዝተው ያንብቡ፣ ያሳተመውን ሰው የትኛው ማተሚያ ቤት በቀጠሮው እንዳስረከበው፣ የትኛው አርታዒ እንደጠቀመው ይጠይቁ። ይህን መረጃ ማስታወቂያ ላይ አያገኙትም። የራስን መጽሐፍ ብቻ ይዞ የሚዞርን ሰው ግን ሰው ይሸሸዋል፤ የሌላውን ያነበበ ይነበብለታል።

ጡረተኛን እንዲህ ያለ ቦታ ከቤት ማስወጣቱ ራሱ ሕክምና ነው። ልብሱን ለብሶ፣ መንገድ ሄዶ፣ ከሰው ተከራክሮ የሚመለስ አባት ማታ እንቅልፉ ጥሩ ነው።

ለጠየቀችኝ ልጅ

እኅቴ፣ አባትሽን «አይሆንም» ብለሽ አትመልሺያቸው። ይልቅ በዚህ ሳምንት አራት ነገር አድርጉ። ደብተሩን ፎቶ አንሥታችሁ በሦስት ቦታ አስቀምጡ። አንቺና ወንድሞችሽ እያንዳንዳችሁ አንብቡት፤ ስታነብቡ ስለ ራሳችሁ የማታውቁት ነገር ታገኛላችሁ። ከዚያ የአንባቢ ዝርዝሩን ከእሳቸው ጋር ሆናችሁ ጻፉ፤ ስልክ መደወሉን አንቺ ያዥላቸው። በመጨረሻም ከገንዘቡ ላይ የሁለት ዓመት የመድኃኒትና የቀለብ ወጪ ተቆርጦ ይቀመጥ፤ ከተረፈው ላይ ምን ያህል ቅጂ እንደሚቻል እሳቸው ራሳቸው ይወስኑ። መምህር አይደሉ? ሒሳቡን በወረቀት ላይ ካሳያችኋቸው ከእናንተ ቀድመው ይረዱታል።

እናንተም ሌሎቻችሁ ወላጆች፣ ገና ያልጻፋችሁ፣ ዛሬ አንድ ገጽ ጀምሩ። የመጀመሪያው ገጽ የአያታችሁ ስም፣ የትውልድ ቀያቸውና የሚሠሩት ሥራ ይሁን። ብዙ የልጅ ልጆች ይህን እንኳ አያውቁም። መጽሐፍ ባይሆን እንኳ ያቺ ገጽ ቅርስ ናት።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ለመድነው እንመለስና ስለ አረጋውያን መውደቅና የቤት ውስጥ ጥንቃቄ አወጋችኋለሁ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።